ጸበሉ ዳር የተጣደው በርሜል

ብርነሽ በነርስነት ተመድባ አይከል ስትደርስ የከተማው ሰው መጀመሪያ የጠየቃት የማን ልጅ እንደሆነች ነው። «የአዘዞው መሪጌታ ወልደኢየሱስ ልጅ ነኝ» አለች። «ታዲያ የመሪጌታ ልጅ ከመርፌ ጋር ምን አገናኛት?» ብለው ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች።

ያገናኛት ሞት ነበር። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ እሷ ገና ልጅ ሳለች፣ ታናሽ ወንድሟ ተክለ ጊዮርጊስ ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ ለቀቀውና ቤተሰቡ ተመስገን ብሎ ሳይጨርስ እንደገና ጣለው። ሁለተኛውን አልቻለውም። ብርነሽ ዳዊት ደግማ ስትጨርስ ዘመድ ባል ሲያማርጥላት እሷ ጎንደር ሄዳ ነርስነት መማር እንደምትፈልግ ለአባቷ ነገረች።

«የወንድ ገላ ልትነኪ ነው?» አሉ መሪጌታ።

«የታመመ ገላ ነው አባባ። ጌታችንስ ለምጻሙን ዳስሶት የለም እንዴ?»

በሳምንቱ መሪጌታ በቅሏቸውን ጭነው ራሳቸው ጎንደር አደረሷት።

ትምህርቷን ጨርሳ ውድነህ የሚባል መምህር አገባች። ሁለቱም አይከል ተማሪ ቤት ተመደቡ። የእሷ ክፍል ከደወሉ አጠገብ ያለች ቆርቆሮ ቤት ነበረች፤ አንድ አልጋና አንድ ቁም ሳጥን ይዛለች። ጠዋት ጠዋት ተማሪው ሲሰለፍ እጁን፣ ዓይኑን፣ የልብሱን ኮሌታ እያየች ታልፋለች። እሑድ ከቅዳሴ አትቀርም። የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች የምታሳድገው ከአማቷ ከእመት ደብሪቱ ጋር ነው። እመት ደብሪቱ ምራታቸውን ይወዷታል፤ ብቻ እጇ የአልኮል ሽታ ስላለው ሊጥ አያስነኳትም ነበር።

ነገሩ የመጣው በታኅሣሥ ነው፤ በጾመ ነቢያት። ከየገጠሩ የመጡ ተማሪዎች ስንቃቸውን ይዘው ከተማ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ብዙዎቹ የሚያድሩት ወይዘሮ አዛለች የምትባል ጠላ ሻጭ ጓሮ ባሉ ክፍሎች ነው። ብርዱ ሲጠና ሦስትም አራትም ሆነው በአንድ ጋቢ ይተኛሉ። ከእነሱ አንዱ በላቸው ታመመ። አዛለች ምች ነው ብላ ዳማከሴ አጠጣችው፤ ተሻለው። በሳምንቱ እንደገና ወደቀ። ወላጆቹ በቃሬዛ ሊወስዱት ሲመጡ ሞቶ አገኙት።

ብርነሽ መታመሙን የሰማችው ከሞተ በኋላ ነበር። ለቅሶው ላይ አዛለችን ጠጋ ብላ፣ «ትኩሳቱ ለቆት ነበር?» አለቻት።

«ለቆት ነበር እንጂ! ተነሥቶ ገበያ ሁሉ ወጥቶ ነበር።»

ብርነሽ የወንድሟን ገዳይ አወቀችው። ግርሻ የሚሉት ተመላላሽ ትኩሳት ነው፤ ከልብስ ወደ ልብስ በቅማል የሚሻገር። የገና በዓል ሊደርስ ነው፤ ተማሪው ለበዓል ወደየአገሩ ሲበተን በሽታውንም ተሸክሞት ሊሄድ ነው።

ከለቅሶው ቀጥታ አዛለች ጓሮ ገባች። ሌሎች ልጆችም ታመው ተጋድመው አገኘች። መድኃኒቷን ከክፍሏ አስመጥታ የፔኒሲሊን መርፌ ወጋቻቸው። ከመርፌው በኋላ አንደኛው አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ይንዘፈዘፍ ጀመር። አዛለች ደረቷን እየደቃች፣ «ገደለችው! ሰው ድረሱ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት በሩን ሞላው። ብርነሽ መድኃኒቱ በሽታውን ሲመታ ይህ መንዘፍዘፍ እንደሚመጣ ተምራለች፤ በዚሁ የሚሞት እንዳለም ታውቃለች። ልጁን አቅፋ፣ ከንፈሯ በጸሎት እየተንቀሳቀሰ፣ ቁጭ አለች። መጨረሻ ላይ ላቡ ወረደና «ውኃ» አለ።

ሰው እፎይ ሲል ብርነሽ፣ «አሁን የሁላችሁም ልብስ ይቀቀል» አለች።

«ምን አልሽ?» አለች አዛለች። «ቤቴን ቅማላም ልታሰኚው? ጠላዬን ማን ሊጠጣው ነው? ቅማል ያላደረበት ማን አለና! ውጪልኝ!»

ወሬው በአንድ ቀን ከተማውን ዞረ፤ ነርሷ ሰውን ሁሉ ቅማላም ብላ ሰደበች ተባለ። ሕመሙ ወደ ከተማው ሲዛመት ጤነኛም በሽተኛም መርፌውን ሸሽቶ ከከተማው በታች ወዳለው ጸበል ጎረፈ። ብርነሽ ወርዳ ብታይ ሰዉ ልብሱን እያወለቀ አንድ ላይ ከምሮታል። የበሽተኛው ጋቢ በጤነኛው ቀሚስ ላይ ተጥሏል።

ማታ ውድነህ፣ «ምነው ብትተዪው? ከካህናቱ ጋር ከተጣላን እዚህ አገር መኖሪያ የለንም» አላት።

«አልጣላም። ልለምን ነው የምሄደው» አለችው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ሐብተ ማርያምን ደጀ ሰላም አገኘቻቸው። ጸበሉን የሚያጠምቁት እሳቸው ናቸው። መስቀላቸውን አሳለሟትና፣ «በጸበሉ ማመን ተውሽ ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አሏት።

«ብተውማ ወደ እርስዎ አልመጣም ነበር። እርስዎ ያጥምቋቸው። የሚጠመቅ ልብሱን ማውለቁ አይቀር፤ እስኪጠመቅ ያወለቀውን እኔ ልቀቅለው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

መምሬ ጢማቸውን እያፍተለተሉ፣ «ልብሱ እስኪደርቅ ምን ይለብሳል? ብርዱ ሊገድለው ነው» አሉ።

ያንን አስባበታለች። የጽዋ ማኅበሯን ሴቶች ቤት ለቤት እየዞረች ትርፍ ነጠላና ኩታ ለምናለች። ከጭነት መኪና ሾፌር ደግሞ ባዶ የነዳጅ በርሜል አግኝታ በአመድ ፈትጋ አጥባዋለች። መምሬ ይህን ሲሰሙ፣ «ሳትጠይቂኝ ጨርሰሽዋላ!» ብለው ሳቁ።

በርሜሉ ጸበሉ ዳር ተጣደ። ውኃው ፈላ፤ ልብሱን የሚሰጥ ግን ጠፋ። ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ቀድሞ ቅማላም መባልን ፈራ። ያን ጊዜ መምሬ ሐብተ ማርያም ጋቢያቸውን ገፈው በርሜሉ ውስጥ ከተቱት።

«የኔን አስቀድሚ። ቅማል እንደሁ ቅስና አይፈራም» አሉ።

ሳቅ ሆነ፤ ከሳቁ በኋላ ልብሱ መጣ።

ብርነሽ ጠዋት ጸበሉ ዳር ትቀቅላለች፤ ከሰዓት ተማሪ ቤት መርፌ ትወጋለች። እንጨት ሲያልቅባት የራሷን ማገዶ አስጭና ወረደች። እመት ደብሪቱ፣ «የሰው ልጅ ስታክሚ የራስሽን ልጆች እናት ልታሳጪያቸው ነው» እያሉ ቢቆጡም ማታ ማታ የእሷን ልብስ ራሳቸው በአሮጌ ድስት ይቀቅሉት ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ አልቀረላትም። አንድ ጠዋት እሳቱን እየቆሰቆሰች ብርድ ብርድ አላት፤ ተሸክመው ቤት አስገቧት።

ከወረዳው ድሬሰር የሚሉት የሐኪም ረዳት መጥቶ ወጋት። ተንዘፈዘፈች፣ ቃዠች፣ ላብ አጠመቃት። ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችው፣ «እሳቱስ? ማን አለ እዚያ?» ነው።

«አዛለች ይዛዋለች» አሉ እመት ደብሪቱ።

«የትኛዋ አዛለች?»

«ያችው ያባረረችሽ።»

ብርነሽ አላመነችም። ከሰዓት አዛለች ራሷ መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ በእንፋሎት ቀልቷል። አልጋው እግር ሥር ተቀመጠች።

«በላቸውን የገነዝኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ ልጅ አልገንዝም። እንዴት እንደሚቀቀል ያየሁትን አድርጌያለሁ፤ ያጠፋሁት ካለ ንገሪኝ።»

«ስፌቱን ገልብጪው» አለቻት ብርነሽ። «ቅማሉ ስፌት ውስጥ ነው የሚሸሸገው።»

«እሺ» ብላ አዛለች ተነሥታ ሄደች።

በዚያ ታኅሣሥ ከበላቸው ሌላ አንድ አሮጊት ሞተዋል፤ መርፌውን እንቢ ብለው ነበር። ተማሪዎቹ ለገና ወደየአገራቸው ሲሄዱ ግን ልብሳቸው ተቀቅሎ ነበር፤ ከየመንደሩም የመጣ የሕመም ወሬ አልነበረም። ለጥምቀት ታቦት ሲወርድ ብርነሽ በውድነህ ክንድ ተደግፋ ወጣች። ፊቷ ከስቶ አጥንቷ ቀርቷል። መምሬ ሐብተ ማርያም ከሩቅ አይተዋት በመስቀላቸው ባረኳት። እሷም ሰውነቷ እየዛለ ታቦቱ እስኪያልፍ ሳትቀመጥ ቆመች።

በየካቲት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ተማሪው በየጫካው መጸዳዳቱ አልዋጥላት ብሎ ዳይሬክተሩን ሽንት ቤት እንዲቆፈር ጠየቀችው። «በጀት የለም» አላት። እሷ አልተከራከረችውም። ቅዳሜ ዕለት ውድነህን ዶማ አስይዛ፣ አዛለችን ከነጎረቤቶቿ አስከትላ፣ ተማሪ ቤቱ ግቢ ገባችና ከአጥሩ ጥግ ቁፋሮውን አስጀመረች።