ቀይ ጨርቁ የተፈታበት ፍሪጅ

ኢራሴማ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ አርባውን ያሳለፈችው ከፍሪጅ ጀርባ ተንበርክካ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ሳንቶስ ውስጥ የጥገና ሱቅ ነበራቸው። እሱ ሲሞት ደንበኞቹ በር ላይ ቆመው “ሠሪው የለም?” እያሉ አንጀቷን አሳረሩት። ሠሪዋ ፊታቸው ቆማ! ሱቁን ዘጋችው። በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ከጀርባው ያለውን ክፍል ሰጣትና የተበላሸ ዕቃ እየጠገነች ለሌለው ማደል ጀመረች። ይኸው ስምንት ዓመት ሆናት።

ሰጪ ግን አያድርስ ነው። ክዳን የሌለው ጁስ መፍጫ፣ የተቃጠለ ካውያ፣ በረሮ የወረሰው ማይክሮዌቭ ያመጡና “ለድሃ ይሆናል” ብለው ጥለው ይሄዳሉ።

“ድሃው ልብሱን በምን ሊተኩስበት ነው? በምርቃትሽ?” ትላለች። ይስቃሉ፤ እሷ የምሯን ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግቧት ባሕሩ ዳር የበጋ ቤት ያላቸው የሳኦ ፓውሎ ሰዎች ናቸው። ሳኦ ፓውሎ ኤሌክትሪኩ መቶ አስር ቮልት ነው፤ እዚህ ሳንቶስ ሁለት መቶ ሃያ። የእነሱን ዕቃ እዚህ እንዲሁ የሰካ ሰው ቤቱን በጭስ ይሞላል። ስለዚህ ኢራሴማ ደንብ አወጣች፤ የመቶ አስር ዕቃ ገመዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል፣ ትራንስፎርመር ካልተገኘለትም ከክፍሉ አይወጣም።

በጥር እንዲህ ያለ ፍሪጅ መጣላት። ሦስት ሳምንት ለፋችበት፤ የሚያፈሰውን ቧንቧ በየደች፣ ጋዝ ሞላች፣ የበሩን ጎማ ለወጠች። የታሰበው ለጆዜኒልዳ ነበር። ጆዜኒልዳ ሁለት ልጆች የምታሳድገው በትንንሽ ፌስታል በረዶ ያደረገችውን የማንጎ ጭማቂ ባሕሩ ዳርቻ ላይ እየሸጠች ነው፤ ፍሪጇ ከሞተ ወዲህ በየቤቱ በረዶ ትለምናለች። አገር ምድሩ በጭፈራ ወደ ባሕሩ ዳር የሚጎርፍበት የካርኒቫል በዓል ቅዳሜ ይገባል። ያን ጊዜ ያልሸጠች ዓመቱን ሙሉ ስትንገዳገድ ትከርማለች።

ኢራሴማ የታመመች እህቷን ልታስታምም ሄዳ ሐሙስ ለፍሪጁ ያገኘችለትን ትራንስፎርመር በዘንቢል ይዛ ተመለሰች። ክፍሉን ስትከፍት ፍሪጁ የለም። ቀዩ ጨርቅ ወለሉ ላይ ወድቋል።

“እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አስረከብነውኮ!” አለች የበጎ አድራጎት ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ኦፌሊያ። “ያን ቡትቶ ፈትቼ የወርቅ ሪባን አሰርኩበት። ፎቶው እንዴት እንዳማረ ብታዪ!”

“ቡትቶው ለምን እንደታሰረ ጠየቅሽ?”

“ደግሞ ጀመረሽ። ሁሉ ነገር በአንቺ ካላለፈ አይሆንም?”

“ስምንት ዓመት ሙሉ ለፍልፌ ነበርኮ! ለግድግዳ ነው እንዴ ስለፈልፍ የኖርኩት?” አለችና መልስ ሳትጠብቅ ወጣች።

የጆዜኒልዳ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። ፍሪጁ ጥግ ላይ አንሶላ ለብሶ ቆሟል፤ ቤቱ እስካሁን የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል።

“እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እትዬ” አለች ጆዜኒልዳ ገና በሩ ላይ። “አሰካኬን ሳላውቅበት ይሆናል። ይቅር ይበሉኝ።”

“ምን አጠፋሽና! ከእሁድ ጀምሮ ምን ይዞሽ ነው ያልመጣሽው?”

“ተሰጥቶኝ ደግሞ ላማርር? ብርድ ልብስ ሲታደል ስሜን ቢሰርዙትስ?”

ኢራሴማ ዳገቱን የወጣችው በኦፌሊያ እየተቃጠለች ነበር። አሁን ንዴቱ በራሷ ላይ ዞረ። በስምንት ዓመት አንድም ሰው ተበላሸብኝ ብሎ ዕቃ መልሶ አያውቅም። ከሙያዋ የተነሣ መስሏት ስትኮራበት ኖራለች፤ ሠራላችሁ ወይ ብላ ግን የማንንም በር አላንኳኳችም።

“ተነሺ፣ የእኔ ፍሪጅ ይሠራል። ካርኒቫሉ እስኪያልፍ እኔ ዘንድ ታበርጃለሽ” አለች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። “እዚህ ዳገት ላይ ሌላ ማን ከእኛ ወስዷል?”

ጆዜኒልዳ መሬት መሬት አየች። “ስም እንዳያነሱብኝ፣ እትዬ።”

“አላነሳም።”

“አምስት ነን። የሚሠራው የአንዷ ብቻ ነው።”

ኢራሴማ ዘንቢሏን እዚያው ትታ የጆዜኒልዳን ጎረቤት በር ልታንኳኳ ወጣች።