ከላይ የሚገባው ብረት

ፒንሳ ይሉታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ፌሮ ብረት ሲያስር ፒንሳው ከእጁ ስላልጠፋ፣ በልጅነቱ የወጣለትን ስም እናቱም ሳትረሳው አልቀረችም። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም፣ አንድ ኢንጂነር በምሳ ሰዓት ያሳየውን ግን አልዘነጋም። ዳቦ በአንድ ጫፉ አስይዞት ሌላውን ጫፍ ወደ ታች ተጫነው፤ ዳቦው ከላይ በኩል፣ እጁ አጠገብ ተተረተረ።

«አየህ? ከግድግዳ የወጣ በረንዳም እንዲሁ ነው» አለው። «የሚሸከመው ቢም ግድግዳው ጋ ወፍሮ ጫፉ ላይ የሚሳሳው ለውበት እንዳይመስልህ፤ በውስጡ ያለው ጉተታ ነው ልኩን የሚወስነው። የሚጎተተው ላዩ ነው፤ ወፍራሙም ብረት ከላይ በኩል ይገባል።»

የሥራው ፎርማን የፒንሳ ታላቅ ወንድም ነው። ከችኩልነቱ በቀር ክፋት የለበትም። ፒንሳ ታሞ በቀረበት ቀን የአንደኛውን ፎቅ በረንዳ ኮንክሪት አስሞላና በማግስቱ ደረቱን ነፍቶ፣ «ወፍራሙን ብረት ተሳስተህ ላይ አድርገኸው፤ ወደ ታች አውርጄ አስተካከልኩልህ» አለው።

ፒንሳ ያ ዳቦ ትዝ አለው፤ በረንዳው አይቆምም። ቢናገር ወንድሙ ይባረራል፤ አምስት ልጆች አሉት። ከሥሩ የቆመው የእንጨት ድጋፍ እስኪነሳ ሦስት ሳምንት አለ፣ እስከዚያ ዘዴ አላጣም ብሎ ሆድ ይፍጀው አለ። ዘዴው ግን አልመጣም።

ድጋፉ በሚነሳበት ጠዋት ወንድሙና አናጺው መዶሻ ይዘው ከበረንዳው ሥር ገቡ።

«ውጡ! ይወድቃል!» ፒንሳ ጮኸ።

«ደግሞ ለእኔ ሥራ ልታስተምረኝ?» ወንድሙ አፉን በቡጢ አለው። ፒንሳ ጥርሱን ከነደሙ ተፍቶ የወንድሙ አንገት ላይ ተጠመጠመ። ወንድሙ ጎኑን በመዶሻ ደለቀው፤ የጎድን አጥንቱ ቀው ሲል ተሰማው። አልለቀቀም። የወንድሙን አፍንጫ በግንባሩ ገጭቶ አደማው፤ ሲንገዳገድ ኮሌታውን ይዞ ከበረንዳው ሥር መሬት ለመሬት ጎትቶ አወጣው።

«እናንተ ተደባደቡ፣ እኔ ሥራ አለብኝ» ብሎ አናጺው እየሳቀ ድጋፎቹን አንድ በአንድ ጥሎ የመጨረሻውን መታ።

በረንዳው ከግድግዳው ተገንጥሎ ወረደ። አቧራው ሲበተን የሚታየው የአናጺው እግር ብቻ ነበር።

ፒንሳ ለቅሶ ቤት ሲደርስ የሟች ሚስት ከፍራሿ ተነሥታ መጣች። «አንተስ ጮኸህለት ነበር አሉኝ፤ እሱ ነው አልሰማም ያለ። እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጁን ሳመችው። ፒንሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያውቅ እንደነበር አልነገራትም።