ሚስተር ፓይክ የሞቱበት እሑድ

ባለፈው ሳምንት የጫማዬን ተረከዝ ላሠራ ሴቨን ኮርነርስ በሚባለው ሰፈር ካሉት ጠባብ ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። ጫማ ሠሪው አንድ ረጅም ቡትስ ጭኑ ላይ አጋድሞ በጨርቅ ሰም ያሸዋል። የሰሙና የአሮጌው ቆዳ ሽታ ገና ከበሩ ሲቀበለኝ ልቤ ዘለለች። ሰውዬው ምን ልርዳሽ ሲለኝ የመጣሁበትን ጉዳይ ረስቼ እንደ ሞኝ ፈገግ ብዬ ቆሜያለሁ። ሚስተር ሃርላን ፓይክ እንዲህ ነበር የሚሸቱት፤ እሳቸው ኮሪደሩ ላይ ከመታየታቸው በፊት ሽታቸው ይደርስ ነበር።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ታኮማ ፓርክ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ቀይ ጡብ አፓርትመንት እንኖር ነበር። ምንጣፉ ቡናማ፣ ኤሌቬተሩ በየፎቁ የሚያቃስት፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ የሆነ ሰው ካልሲ የማይጠፋበት ቤት ነው። ሚስተር ፓይክ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ጢማቸው ነጭ፣ በሐምሌ ሙቀት እንኳ ቡትሳቸውን የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። እኛ የሕንፃው ልጆች ጡረታ የወጡ ፖሊስ ይመስሉን ነበር። ማንነታቸውን ያወቅነው አባባ ኤሌቬተር ውስጥ ያገኛቸው ቀን ነው።

አባባ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ የሚል ሰው። ያን ቀን ግን ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካ ትቶት እየሮጠ ገባ።

"አክተሩ! አክተሩ እዚህ ቢልዲንግ ነው የሚኖረው!"

"የቱ አክተር?" አለች እማዬ ከወጥ ቤት።

"እንዴት የቱ አክተር ትያለሽ? ሃርላን ፓይክ ነዋ! አሁን ኤሌቬተር ውስጥ ሚት አደረግኩት። 'ሃው አር ዩ' አለኝ እኮ!"

"አንተስ ምን አልከው?"

"ምን እላለሁ? አፌ ተሳሰረ። እሱ ሲወርድ አብሬው ወርጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት።"

ሚስተር ፓይክ በወጣትነታቸው የካውቦይ ፊልም ጀግና ነበሩ። አሜሪካ ረስቷቸዋል፤ የመርካቶ ልጆች ግን አልረሷቸውም። አባባ ልጅ ሳለ እሳቸውን ለማየት ለቅሞ ያልሸጠው ጠርሙስ የለም። እዚያ ፊልም በዝምታ አይታይም። ክፉው ሰውዬ ከበርሜል ጀርባ ሲያደፍጥ ሲኒማ ቤቱ በሙሉ "ከኋላህ ነው!" ብሎ ይጮኻል፤ አክተሩ ዘወር ብሎ ሲተኩስ ሁሉም በእኔ ምክር ተረፈ ብሎ ይኮራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይሻር ሕግ ነበራቸው፤ አክተር አይሞትም። ፊልሙ መሀል ላይ ቢበጠስ እንኳ ማን አሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አልነበረም።

በማግስቱ አባባ የሠርግ ሱፉን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ የሚስተር ፓይክን በር አንኳኳ። ሰላምታውን ገና ሳይጨርስ ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ፣ ቀኝ እጁ የቆሰለው አክተር በግራው እንዴት እንደተኮሰ ማሳየት ጀመረ። ሽማግሌው በሩን እንደያዙ ቀሩ። "ይሄን እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ" አሉ በመጨረሻ፣ ዓይናቸው እርጥብ ብሎ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ቤት ሁለተኛ ቤታችን ሆነ። ግድግዳው ላይ በፎቶ የተሰቀለ ቡላ ፈረስ ነበራቸው፤ ስለ ሰው ከሚያወሩት ስለ እሱ የሚያወሩት ይበልጥ ነበር።

በጸደዩ አንድ ከሰዓት እማዬ መስኮት ስትከፍት ሚስተር ፓይክ ከሕንፃው ጀርባ ሣሩ ላይ ደረታቸውን ይዘው ሲወድቁ አየች። "ኡኡ! ሽማግሌው ወደቁ!" ብላ፣ ከራስጌዋ የማይጠፋውን የጠበል ጠርሙስ አንስታ፣ በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረደችው። ሰውዬው ምን መጣብኝ ብለው ሳያዩ ጠርሙሱን በሙሉ ፊታቸው ላይ ገለበጠችባቸው። ሚስተር ፓይክ ጢማቸው ውኃ እያንጠባጠበ ቀና አሉ። "እመቤቴ፣ መሞት እየተለማመድኩ ነበር" አሏት።

እኔና አባባም ተከትለናት ወርደን ነበርና፣ ሳቃችን ሲበርድ ነገሩን አስረዱን። ከእኛ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ ትንሽ ቴአትር ቤት መሰናበቻ ትርኢት እንዲያቀርቡ ጋብዟቸዋል፤ አንድ እሑድ ብቻ። ጉልበታቸው ከዚያ በላይ አይችልም፤ ከዚያም አሪዞና ያለች ልጃቸው ልትወስዳቸው ነው። ትርኢቱ የሚያልቀው እሳቸው ሲሞቱ ነው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ተኩሰውብኛል" አሉ ፊታቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። "አንድ ቀን እንኳ እንድሞት አልፈቀዱልኝም። ሕዝቡ አይወድም ይሉኝ ነበር። መሞት የማይችል አክተር ደግሞ ግማሽ አክተር ነው። ከወደቅሁ በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ልስማው፤ አዳራሹ ትንፋሹን ሲውጥ። ያን ሳልሰማ ልጄ ቤት ሄጄ ሶፋ ላይ መቀመጥ አልፈልግም።"

"አይዞዎት፣ ሰው አይተነፍስም!" አለ አባባ። "በማርያም!"

እማዬ በአማርኛ "እናንተን አላውቅምና ነው" አለች።

እሑዱ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ የአባባ ጓደኞች ታክሲዎቻቸውን አሳጥበው መጡ፤ ቤልትዌይ የሚሉትን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ አሌክሳንድሪያ ስንነዳ የሙሽራ አጀብ እንመስል ነበር። እኔ መቀመጫዬ ላይ መርጋት አቃተኝ። ፓርኪንግ ሎቱ ላይ አባባ ሁሉንም ሰብስቦ ተቆጣ፦ "ስሙኝ፣ ዛሬ መርካቶ አይደለንም። ከኋላህ የለ፣ ፉጨት የለ። ሰውዬው በሰላም ይሙት!" በተለይ ያፈጠጠው ጋሽ በቀለ ላይ ነበር። ጋሽ በቀለ አሁን አስፐን ሂል የሚኖር የመርካቶ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ድሮ ሲኒማ ቤቱን በጩኸት የሚመራው እሱ ነበር አሉ። "እኔ ምን አደረግኩ?" አለ ጋሽ በቀለ፣ ገና ካሁኑ እየተቁነጠነጠ።

አዳራሹ ትንሽ፣ ወንበሩ ቀይ ከፋይ ነው። ፈረንጆቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጸጥ ብለዋል። መብራቱ ጠፋ፤ ሚስተር ፓይክ የሸሪፍ ኮከብ ደረታቸው ላይ ሰክተው ወደ መድረኩ ሲወጡ አባባ ክንዴን እስኪያመኝ ጨመቀው። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ያረጀ ሸሪፍ ከዘመናት በፊት የገደለው ሽፍታ ልጅ አድጎ ሊበቀለው ይመጣል። ልጁ ሽጉጡን መዞ ከበስተጀርባ ሲጠጋ ረድፋችን በሙሉ ወንበሩን ጨበጠ። ጋሽ በቀለ መሐረቡን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ። ላቡ ጠብ ጠብ እያለ ቻለው!

ሽጉጡ ጮኸ። ሚስተር ፓይክ ቶሎ አልወደቁም። መጀመሪያ የገረማቸው መሰሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ተንበረከኩ፤ ኮፍያቸው ተንከባሎ ሄደ። የገደላቸውን ልጅ ቀና ብለው አይተው "ፈረሴን ውኃ አጠጣልኝ" አሉት፤ ተጋደሙ፤ እጃቸውም ተከፈተ። በሣሩ ላይ ሲለማመዱ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ሲሞቱ ግን አላየሁም። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ያ የተመኙት ዝምታ መጣ፤ ከበደ፤ ቆየም። ተሳካላቸው፣ ተሳካላቸው እያልኩ በውስጤ እጮህ ነበር።

"አክተር አይሞትም!"

ጋሽ በቀለ አልነበረም። በማርያም የማለው አባባ ነው፤ ከመቀመጫው ተነስቶ፣ እንባው እየወረደ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ። ከዚያማ ድብልቅልቁ ወጣ። ጋሽ በቀለ መሐረቡን ተፍቶ "አክተር አይሞትም!" ሲል ረድፋችን በሙሉ ቆመ፤ ጭብጨባ፣ ፉጨት፣ እማዬ ጭራሽ እልል አለች። አስተናጋጇ ባትሪዋን እያበራች ሮጣ መጣች። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ዞረው አፈጠጡብን፤ ኋላ ግን አንዲት ሴትዮ ሳይገባት አብራን ማጨብጨብ ጀመረች፤ ጎረቤቷም ተከተላት።

ሬሳው ተኝቷል። እኔ ዓይኔን ከጢሙ አልነቀልኩም። ጢሙ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ አንድ ዓይን ተከፈተ። ሚስተር ፓይክ በክርናቸው ተደግፈው ሊነሱ ሲሞክሩ ጉልበታቸው እምቢ አለ። የገደላቸው ወጣት ግራ ተጋብቶ ትንሽ ከቆመ በኋላ ሽጉጡን ጥሎ፣ እጁን ሰጥቶ፣ ብብታቸውን ይዞ አነሳቸው። ያን ጊዜ የተነሳው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መጋረጃ ሳቢው ሳይቀር ሥራውን ትቶ ያጨበጭብ ነበር።

ከትርኢቱ በኋላ አባባ ከመድረኩ ጀርባ ለመግባት አፍሮ በሩ ላይ ተገተረ። "ይቅርታ፣ ሚስተር ፓይክ" አለ መሬት መሬት እያየ። "ቃሌን በላሁ። ትርኢትዎን አበላሸሁት።"

ሚስተር ፓይክ ፊታቸው ላይ ያለውን ቀለም በጥጥ እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ። "ምንድን ነበር የሚሉት?"

ነገርኳቸው። እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ፤ ደግሜ ነገርኳቸው። ጥጡን አስቀመጡት።

"ዝምታውን ሰምቼዋለሁ" አሉ። "ሞቼ ነበር እኮ። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ተነስ ተብዬ እጠራለሁ ብዬ ግን አልጠበቅሁም።" ከዚያ አባባን ወደ ራሳቸው ስበው አቀፉት። አባባ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ጋሽ በቀለም ይህን እያየ አፌን መሐረብ ያስጎረስከኝ ለዚህ ነው ወይ ብሎ አኮረፈ።

ልጃቸው በዚያው በጋ መጥታ ወሰደቻቸው። በሁለተኛው ክረምት ደውላ ማረፋቸውን ነገረችን። ስልኩን ያነሳው አባባ ነበር። ሲዘጋው "እሱ እንኳ ደኅና አድርጎ ሞቶ አሳይቶን ነበር" አለ። "እምቢ ያልነው እኛ ነን።" ከዚያ በፊት አሜሪካ ውስጥ የቴአትር ቤት ደጅ ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ የትም ትርኢት አለ ሲሉት ሱፉን ለብሶ የሚሄድ ሆነ።

እኔንም ይዞኝ እየሄደ አስለከፈኝ። ዛሬ ከሥራዬ ጎን ለጎን ጓደኞቼን አሰባስቤ በአማርኛ አጫጭር ቴአትሮች አዘጋጃለሁ። ከመጀመራችን በፊት ስልክ እንዲዘጋ እለምናለሁ፤ ዝም በሉ ብዬ ግን አላውቅም። ባለፈው ወር አንዲት እናት ከመሀል ረድፍ ብድግ ብለው ተዋናይዋን "ልጄ፣ እንዳታምኚው፣ ውሸቱን ነው!" አሏት። ልጅቷ ከመድረኩ ዘወር ብላ "አውቃለሁ፣ እማማ" አለቻቸውና ጨዋታዋን ቀጠለች።