ሬዲዮ ዝም ያለ ዕለት

ሬዲዮ የሚለውን ስም ያወጡለት የቲያትር ቤቱ ተዋንያን ናቸው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሒሳብ ሹሙ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። በድምፅ ሠራተኛነት ሲቀጠር፣ ሽቦ ሲጠቀልልም ሆነ ማይክ ሲተክል አፉ አያርፍም ነበር። የሚሰማው ሰው ሲያጣ ለድምፅ ማጉያው ያወራለታል። አንዱ ተዋናይ ልምምድ አቋርጦ፣ "የዚህ ሰውዬ ማጥፊያው የት ነው?" ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ሆኖ ቀረ።

ሽቦ የሚያውቅ ሰው ኮምፒውተርም አይጠፋውም ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ቲያትር ቤቱ ትኬት በኢንተርኔት መሸጥ ሲጀምር ሥራው በእሱ ጫንቃ ላይ ወደቀ። እውነቱን ለመናገር ስለ ሥራው ምንም አያውቅም ነበር። ግን ያገኘውን ሁሉ ሲጠይቅ፣ የተጠየቀውም ለመገላገል ሲል ሲነግረው፣ ዓመት ሳይሞላ ተካነበት።

ሁለት ማሽኖች ነበሩት። የፊተኛው ዌብ ሰርቨር ነው፤ ደንበኛውን ይቀበላል፣ ገጹን ያሳያል። የትኛው ወንበር ክፍት፣ የትኛው የተያዘ እንደሆነ ግን አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ሰርቭሌት ኮንቴይነር የሚሉት የኋለኛው ነው፤ የትኬቱ ፕሮግራም የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው። የፊተኛው ጥያቄውን በመስመር ወደ ኋለኛው ያሻግራል፣ መልሱን ይዞ ይመለሳል፤ አስተናጋጅ በሳሎንና በወጥ ቤት መካከል እንደሚመላለሰው ማለት ነው።

ችግሩ የጀመረው የኋለኛው ማሽን ግቢውን ተሻግሮ ወደ ድሮው የአልባሳት ክፍል ከተዛወረ በኋላ ነው። በዚያው ሰሞን በሁለቱ መካከል የሚያልፈውን የሚፈትሽ፣ ፋየርዎል የሚባል ሣጥን ተተከለ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ የመጀመሪያው ደንበኛ ወንበር ልምረጥ ሲል ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ በመጨረሻም "አገልግሎቱ ለጊዜው አይገኝም" ብሎ ያርፈዋል። ደንበኛውም እየተነጫነጨ ወደ ትኬት መስኮቱ ይመጣል።

በመስኮቱ ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጉልበታቸው የደከመ፣ ምላሳቸው ግን ያልደከመ ሴት ተቀምጠዋል። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። አንገታቸውን ብቅ አድርገው ግቢው እስኪሰማ ይጣራሉ።

"ሬዲዮ! ማሽንህ ዛሬም ከእንቅልፉ አልነቃም!"

ሬዲዮ ሮጦ ይመጣል። ሁለቱንም ማሽኖች አጥፍቶ ያስነሳል። ይሞክራል፤ ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ቀኑን ሙሉ ይሞክራል፤ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ያው።

የአዲሱ ትርኢት ትኬት የሚወጣው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ቆረጡት። "ቅዳሜም የመጀመሪያው ሰው ባዶ እጁን ከተመለሰ ኢንተርኔቱን እንዘጋዋለን። እትዬም መስኮቱ ላይ ይቆያሉ።"

እትዬ ጡረታ የሚወጡት፣ መስኮቱም የሚዘጋው በዚያው ሳምንት ነበር። ልጃቸው መንታ ወልዳ እየጠበቀቻቸው ነው፤ ሻንጣቸውም ተሸክፎ ከጠረጴዛው ሥር ተቀምጧል። ውሳኔውን ሰሙ። በዚያ ቀን ትኬት በገነጠሉ ቁጥር ወረቀቱ ጮኸ።

ዓርብ ዕለት አዳራሹ ለልምምድ ስለተዘጋ በመስኮቱም በኢንተርኔቱም ትኬት የሚገዛ አልነበረም። ሬዲዮ ከጠዋት ጀምሮ እትዬ ክፍል ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ላይ ነበር።

"ይኸው ሠራ፣ እትዬ። ይኸው አሁንም ሠራ። ደሞ ይኸው..."

"አየሁ ልጄ፣ አየሁ። እንዲህ ስትነዘንዘው መቼ ፋታ አግኝቶ ይታመም? እኔም እኮ አንተ አጠገቤ ካለህ ራሴን ልሳት ብል እንኳ ተራ አይደርሰኝም!"

ሬዲዮ ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል ላይ ቆመ። ችግሩ ሲፈጠር በዓይኑ አይቶ እንደማያውቅ ያን ጊዜ ታወቀው። ሁልጊዜ የሚደርሰው ከሆነ በኋላ ነው። ከደረሰ ደግሞ ማሽኑን ለአፍታ እንኳ ትቶት አያውቅም።

"እትዬ፣ ይቺን ኪቦርድ ይደብቁልኝ። እስከ ምሳ ድረስ ብለምንዎት እንኳ እንዳይሰጡኝ።"

"አፍህንስ የት ልደብቀው?"

ኪቦርዱን በመሳቢያው ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፤ ኪሱንም መታ መታ አደረጉት። ሬዲዮ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ አነበበ። አዙሮ ጀርባውንም አነበበ። ስለ አንድ ተዋናይ ጉድ ሊጀምር ሲል እትዬ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።"

"ዝንብ ቢገባ ይሻለኝ ነበር" አለ።

ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

"አለህ?"

"አለሁ፣ እማዬ።"

"በል እሺ።" ዘጋችው።

"በቃ? ይቺው ናት?" አሉ እትዬ።

"በየቀኑ ይቺው ናት። ወሬህን አንድ ዕድሜ ሙሉ ሰምቻለሁ፣ አሁን የሚበቃኝ 'አለሁ' የምትለዋ ናት ትላለች። አንድ ቀን ስልኬን መኪና ውስጥ ረስቼ ሳላነሳላት ብቀር፣ መች ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ! ከነጎረቤቶቿ ታክሲ ይዛ በራፌ ላይ ከች።"

"ደግ አደረገች። የት ወድቀህ እንደቀረህ በምን ታውቃለች?"

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ኪቦርዱ ተመለሰለት። ትንፋሹን ውጦ ወንበር መረጠ። ገጹ ተሽከረከረ። ተሽከረከረ። "አገልግሎቱ ለጊዜው አይገኝም።"

"ታመመ!" ብሎ ሬዲዮ ከወንበሩ ዘለለ። "እትዬ፣ ታመመልኝ!"

"በሽታ ሲያገኝ የሚጨፍር ሐኪም ገና ዛሬ አየሁ።"

አልሰማቸውም፤ ፋየርዎሉን ለተከሉት ሰዎች እየደወለ ነበር። አዎ፣ አሉት፣ ሣጥኑ ለረጅም ጊዜ ምንም ያልተላለፈበትን መስመር በራሱ ይቆርጣል፤ ሲቆርጥም ለማንም አይናገርም። ነገሩ ወለል ብሎ ታየው። ሌሊቱን ሙሉ ትኬት የሚጠይቅ የለም፤ መስመሩ ዝም ይላል፤ ሣጥኑ ይቆርጠዋል። የፊተኛው ማሽን ግን ይህን አያውቅም። ጠዋት የመጀመሪያውን ጥያቄ በሞተው መስመር ልኮ መልስ ሲጠብቅ ይቆማል። ሬዲዮ ቀን ቀን ሲነካካው ደግሞ መስመሩ ዝም የሚልበት ጊዜ አያገኝም። በሽታውን የደበቀው የራሱ መነካካት ኖሯል።

ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ስልኩ ሄደ። "እማዬ፣ አፌ ቁርጥ ይበልልሽ!" አለ፤ ወዲያውም መጻፍ ጀመረ።

የፊተኛው ማሽን ሥራ ባይኖረውም በየጊዜው ለኋለኛው አንዲት አጭር ምልክት እንዲልክ፣ የኋለኛውም እንዲመልስለት አደረገ። መልስ ካጣ ደግሞ በሞተው መስመር ላይ ተገትሮ እንዳይቀር፣ ጥሎት ሌላ መስመር እንዲከፍት አዘዘው።

"አለህ፣ አለሁ ይባባላሉ" ብሎ ለእትዬ አስረዳቸው። "አለሁ ካላለው ታክሲ ይዞ ይመጣል።"

አሁን የቀረው እስከ ጠዋት አለመንካት ነው። ኪቦርዱን በገዛ እጁ ለእትዬ መልሶ ሰጥቶ ቤቱ ገባ። እራት ላይ ጭጭ ስላለ ባለቤቱ ግንባሩን በእጇ ዳበሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን እያዩ ከመስኮቱ አጠገብ ቆሙ። እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ።

"የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ። እንግዲህ ባዶ እጄን ወደ መስኮቱ መመለስም ካለብኝ መንገዱ ሩቅ አይደለም።"

እትዬ በአንድ ጣታቸው ተጫኑ። ገጹ አፍታ ቆየ፤ የሬዲዮ ከንፈር ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ አዳራሹ ከነረድፉ፣ ከነወንበሩ በስልኩ ላይ ተዘረጋ።

"ክፍት ነው! ኧረ ሁሉም ክፍት ነው! የቱን ልያዝ?"

"ይፍጠኑ እትዬ፣ ሰው እየገባ ነው!"

"አታዋክበኝ! ስንት ዘመን በግድግዳ በኩል ስሰማው የኖርኩትን ቲያትር ገና አሁን በዓይኔ ላየው ነው።" የፊተኛውን ረድፍ መሐል ወንበር ያዙ። ትኬቱ መጣ። ከእሳቸው ኋላ የገዙት ሰዎች ወንበሮች አንድ ባንድ ቀለማቸውን ሲለውጡ ሥራ አስኪያጁ ሰዓታቸውን ረሱት። "ትርኢቱን አይቼ በማግስቱ ወደ ልጆቼ" አሉ እትዬ፣ ሻንጣቸውን ከሥር እየጎተቱ።

መስኮቱን የመዝጋት ክብር የእሳቸው ነበር። የብረት መዝጊያው ግን ዝጎ አልወርድም አለ። ሬዲዮ በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ግማሽ ድረስ እንደወረደ ስልኩ ጮኸ።

"እማዬ ናት! ብለቀው ይመለሳል። ካላነሳሁት ደግሞ ታክሲ ይዛ ትመጣለች!"

እትዬ ስልኩን ከኪሱ መዘው አነሱት። "አለ፣ እህቴ፣ አለ! እኔ? እኔማ የመስኮቷ ነኝ... ኧረ አዎ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው እንዴ? ገና በሕፃንነቱ? አይ እርስዎ፣ እንዴት ቻሉት!" ብለው ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ተቀመጡ። ከዚያኛው ጫፍ እናቱ ታወራለች፤ እንዲህ ረጅም ስታወራ ሰምቷት አያውቅም። ሬዲዮ መዝጊያው ላይ እንደተንጠለጠለ ሁለት ጊዜ አፉን ከፈተ። ተራ አላገኘም።