የእማማ ሀጂራ መንዙማ ቁራጮች

ዓሪፍ፣ ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ፣ በየሰዉ ስልክና ፍላሽ ዘፈንና መንዙማ የሚጭንባት ጠባብ ሱቅ አለችው። ከየሰዉ ፍላሽ የሚመጣው ቫይረስ ቢያማርረው ኮምፒውተሩን ቫይረስ ብዙ ወደማይደፍረው ሊኑክስ ወደሚባል ሥርዓት አዞረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚደጋግመውን ሥራ ሁሉ በአይኮን ማሠራት ለመደ። ከአይኮኑ ጀርባ ትእዛዝ ይጽፋል፤ በትእዛዙም ጫፍ፣ አይኮኑ ላይ ጎትቶ የጣለውን ፋይል ለትእዛዙ የምታቀብል ምልክት ያኖራል።

«ደሞ ዛሬ ኮምፒውተሯ ላይ ምን ደገምክባት?» ይለዋል ጎረቤቱ ገሪማ፣ የባጃጅ ዕቃ ሻጩ።

«አንተ ብሎንህን ጠብቅ!»

አንድ ጠዋት ቶይባ ከሐራ መጣች። እናቷ እማማ ሀጂራ፣ ድምፃቸው አንጀት የሚያላውስ መንዙመኛ፣ ከረመዳን ማግስት ዐርፈው አኼራ ሄደዋል። መንዙማቸው በስልኳ ተቀድቶ ቀርቷል፤ ግን ሲቀዳ ሰው በደወለ ቁጥር እየተቋረጠ ተቆራርጧል።

«ዓሪፍ ወንድሜ፣ መንዙማ ተቆርጦ አይሰማም። ሐሙስ ዱበርቲ እናቶቹ ለዱዓ ሲሰበሰቡ እንዲሰሙት አንድ አድርግልኝ።»

«አብሽሪ፣ ይስተካከላል» አላት፤ እሷም ስልኳን ትታለት ወደ ገበያ ወጣች።

ስልኳ ሞልቶ ስለነበር ቁራጮቹን እዚያ ምንም ሳያስቀር አንሥቶ ወደ ኮምፒውተሩ አዛወራቸው። የጣሉበትን ሁሉ አጣብቆ በአንድ ስም የሚያስቀምጥ፣ ቁራጩንም ወዲያው የሚያጠፋ አዲስ አይኮን ሠራ። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ ቅጂ ይይዝ ነበር፤ ያን ቀን የቀትሩ ሶላት ዙሁር እንዳያልፈው ቸኮለ። ሁሉንም ባንዴ መርጦ አይኮኑ ላይ ጣላቸው።

ለካ ያኖራት ምልክት አንድ ፋይል ብቻ የምታቀብለዋ ኖራለች፤ ብዙውን ባንድነት የምታቀብለዋ ሌላ ናት። ትእዛዙ ለየቁራጩ ለብቻው ተነሣ፤ እያንዳንዱም ከሱ በፊት በተጻፈው ላይ ጻፈበት፣ የራሱንም ቁራጭ አጠፋ። የተረፈው የመጨረሻው ብቻ ሆነ። የጠፋ ፋይል መፈለጊያ ቢያስነሣም ምንም አላገኘም።

ቶይባ ስትመለስ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«አጠፋሁት፣ እህቴ። ይቺ ብቻ ተረፈች።»

ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እማማ ሀጂራ ያዜማሉ፦

ገላዬን ለአፈር፣ ነፍሴን ለሰጪዋ፣
ድምፄንም ለቶይባ፣ ለቤቴ ቀሪዋ።

ከዚያ ሳል፤ ከዚያ ሳቅ። «በቃኝ ዛሬስ! ካማራችሁ ከመጀመሪያው ስሙት።»

ቶይባ ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች።

«ከመጀመሪያው ስሙት ትላለች እኮ፣ ዓሪፍ» አለችው።

ያቺን ቁራጭ ስልኳ ላይ አስጭና ወደ ሐራ መኪና መሳፈሪያ ሄደች። ዓሪፍ ከአይኮኑ ጀርባ ገብቶ ምልክቷን አስተካከለ፤ አሁን ብዙውን ባንዴ ታቀብላለች። ጎትቶ የሚጥልባት ቁራጭ ግን አልነበረውም።