ዳገቱ ነው

ትናንት ማታ ሰቆጣ መብራት ጠፍቶ ስለነበር የብስክሌቴን የመብራት ዲናሞ ወደ ጎማው ገፋ አደረግሁት። ልጄን ከኋላ ጭኜ መንዳት ስጀምር ያ ቀጭን ፉጨት ተነሣ። ወዲያው ልጅነቴ መጣብኝ።

አባዬ ሰቆጣ ዙሪያ፣ ገጠር ውስጥ ያስተምር ነበር። አንድ ቀን አብሬው ውዬ በብስክሌቱ ስንመለስ መሸብን። ቁልቁለቱን ስንወርድ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዲናሞው ያፏጫል፣ መብራቱ ይደምቃል፣ ነፋሱ ጋቢዬን ያራግበዋል። ዳገቱ ሲጀምር ግን ጎማው ዘገየ፤ መብራቱም አብሮት እየደከመ ሄዶ ጠፋ። ወርደን መግፋት ያዝን። ከቁልቋሉ ሥር አንድ ነገር ሲተነፍስ ሰማን።

«አባዬ፣ ጅብ...»

«ዝም በል። በጨለማ ስሙ አይጠራም፤ የጠሩት ይመስለዋል።»

እኔ ግን ጠርቼዋለሁ። አባዬ ዲናሞው ያለበትን የፊት ጎማ ከመሬት አነሣና በመዳፉ ያሽከረክረው ጀመር። መብራቱ ብልጭ ሲል ሁለት ዓይኖች ያዩናል። ዞረው እስኪጠፉ ድረስ ማሽከርከሩን አላቆመም። ከዚያ ወገቡን ያዝኩት፤ መላ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል።

«አባዬ፣ ፈራህ እንዴ?»

«ዳገቱ ነው» አለኝ።

አመንኩት።

ትናንት ከድልድዩ አጠገብ ሁለት ዓይኖች በመብራቴ ውስጥ አበሩ። ልጄ ወገቤን ጠበቅ አድርጋ ያዘችና «አባዬ፣ ለምንድነው የምትንቀጠቀጠው?» አለችኝ።

«ዳገቱ ነው» አልኳት።

መንገዱ ሜዳ ነበር።