የአንገረብ እንጨት

ከጎንደር የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ሠርቼው አልደርቅ ያለኝን የፑል ዱላ፣ ሱዳን ገዳሪፍ ላሉትና እንጨቱን ለሸጡልኝ አናጢ ማሳየት። እጀታው ከጥቁሩ እንጨት፣ ከዞጲ ነው። ዞጲ ቅባታም መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ይሄኛው ባሰ። ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀባሁት፣ ሦስት ጊዜ ፋቅሁት፤ ወር ሙሉ እጅ ላይ እንደተለጠፈ ቀረ። ያዘዘኝ የፑል ቤት ባለቤት ሙላት አንድ ቀን ተጫውቶበት መለሰልኝ።

"ከወዲያ ጫፍ ሌላ ሰው የያዘው ይመስለኛል" አለ።

ይህ ከተሳካ ስድስት ሊያዘኝ ነበር። ካልተሳካ ወደ ጠላሁት የአልጋ እግር ሥራ መመለሴ ነው።

ጋላባት፣ ስድስት ሰዓት

ከመተማ ድልድዩን እንደተሻገርኩ የኬላው ወታደር ከረጢቴን አስፈታኝ። እጀታውን ጨበጠ፣ ከዚያ መዳፉን አሸተተ። "ጀናዛ" አለና እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ። ጀናዛ ቀብር ማለት መሆኑን እዚያ የማያውቅ የለም። ሀፍላው፣ አውቶቡሱ፣ ውስጥ የነበሩት የሰሊጥ አጫጆች ሰምተው ኖሮ እስከ ዶካ ከተማ አጠገቤ የተቀመጠ አልነበረም። ሜዳው ላይ የታጨደው ሰሊጥ በነዶ በነዶ ቆሟል፤ ደጋግሜ ሰው መሰለኝ።

ዶካ ላይ ፉል በላሁ። ዋጋው ካለፈው እጥፍ ሆኗል። የሰሊጥ ዘይቱ ልክ እንደ እጀታው ሸተተኝና ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ገዳሪፍ፣ አሥር ሰዓት

አናጢው፣ አጎቴ እንደማለት ዐሚ የምላቸው ኢድሪስ፣ ልጅነታቸውን መተማ ስላሳለፉ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው።

"ዐሚ፣ ያ የአንገረብ እንጨት አልደርቅ አለኝ።"

"እንዴት ይድረቅ ልጄ? ስንት ዘመን ዘይት ጠጥቶ።"

"ወንዝ ዳር የበቀለ እንጨት ዘይት ከየት ያገኛል?"

"የምን ወንዝ?"

አንገረብ ለእኔ ጎንደርን ታክኮ የሚወርደው ወንዝ ነው። አምና "የአንገረብ ነው" ሲሉኝ ያገሬን እንጨት በሰው አገር ያገኘሁ መስሎኝ አቅፌው ነበር የሄድኩት። ሽማግሌው ከሱቃቸው ፊት ለፊት ወዳለው መስጊድ ግድግዳ አመለከቱኝ። አንድ የገመድ አልጋ ተደግፎ ቆሟል፤ ሦስት እግሩ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ።

"እዚህ አንገረብ ማለት ይሄ ነው። የሰፈሩን ሬሳ የምንሸከምበት። ከቀብር በተመለሰ ቁጥር ሚስቴ እግሮቹን በሰሊጥ ዘይትና በሰንደል ታሻቸዋለች። ለጥገና ፈታትቼው ሳለ መጣህ፣ ሌላ ባሳይህ እምቢ ብለህ አንዱን እግር ወሰድክ። የምታውቅ መስሎኝ ነበር።"

ክው አልኩ። ፈራሁ፣ አልዋሽም። "ልመልስልዎ?" አልኳቸው።

"አቅጥነኸዋል፤ ከእንግዲህ ሰው አይችልም። በስፕሪቶ ጥረገው፣ ጨርቁ ንጹሕ እስኪወጣ። ከዚያ በቫርኒሽ ፋንታ በስፕሪቶ የሟሟ ጎማላካ ሙጫ ቀባው።"

ጎንደር፣ ዓርብ

ቤቴ እንደገባሁ መጥረግ ጀመርኩ። የሰንደሉ ሽታ ሱቁን ሞላው፤ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋን ይዛ ተመለሰች። ሰባተኛው ጨርቅ ንጹሕ ወጣ። ጎማላካው ሳይውል ሳያድር ደረቀ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ እንጨት ስገዛ የት በቀለ ብቻ ሳይሆን ማንን ተሸከመ ብዬ መጠየቅን ነው።

ሙላት አንድ ጨዋታ ተጫወተበትና መዳፉን አየ። "አሁን ለቀቀኝ" አለ። "ስድስቱም ከዚሁ ከአንገረብ ይሁኑልኝ።"

"አይሆንም" አልኩት። "የቀሩት ሦስቱ ሥራ ላይ ናቸው።"